ሒሳብ ለከበደን ሰዎች፦ ስለ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ብሪጂንግ ኮርስ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዩኒቨርሲቲ ልትገቡ ነው። የመረጣችሁት ትምህርት ሒሳብ ይፈልጋል። እናንተ ደግሞ ከሒሳብ ጋር ከተለያያችሁ ቆይታችኋል፣ ወይም ድሮም ተስማምታችሁ አታውቁም። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ኮርሱን የጀመርኩት ክፍልፋይ በቅጡ መደመር ሳልችል ነው። በኋላ ግን እኔ ራሴ ኮርሱን ለሚወስዱ ተማሪዎች አስጠኚ ሆኜ ሠርቻለሁ። ከታች ያሉት በየጊዜው የሚመጡልኝ ጥያቄዎች ናቸው፣ መልሱንም ለአንድ ጓደኛዬ እንደምነግረው አድርጌ ጽፌዋለሁ።

ክፍል ውስጥ ኤክስና ዋይ ተብለው የምታገኟቸውን እዚህ ሀ እና ለ እላቸዋለሁ።

ብሪጂንግ ኮርስ ምንድን ነው?

መሸጋገሪያ ነው። ከሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ ወደ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ሒሳብ ያሻግራል። አንዳንዱ ሴሚስተሩ ሊጀመር ሲል በአንድና በሁለት ሳምንት ተጣድፎ የሚያልቅ ነው፣ አንዳንዱ ሙሉ ሴሚስተር ይወስዳል፣ አንዳንዱ ደግሞ በኦንላይን እያንዳንዱ ሰው በራሱ ፍጥነት የሚሄድበት ነው። ብዙ ጊዜ ለዲግሪው የሚቆጠር ክሬዲት የለውም።

ከመመዝገባችሁ በፊት ግን አንድ ነገር አጣሩ። አጭሩ ኮርስ የሚዘጋጀው ተምሮ ለረሳ ሰው ነው፤ ጭራሽ ላልተማረ ሰው አይደለም። በአንድ ቀን ውስጥ አልጀብራን ከልሶ ማታውኑ ወደ ፋንክሽን ይሻገራል። መሠረታችሁ ከአልጀብራ በታች የሚንገዳገድ ከሆነ ረጅሙን ምረጡ። ረጅሙ ከሌለ አጭሩን ውሰዱ፣ ግን ከሳምንታት በፊት ብቻችሁን ጀምሩ። ኮርሱ ላይ የሚወድቁት ሰዎች ሰነፎች ስለሆኑ አይደለም። አብዛኞቹ ለእነሱ ያልተዘጋጀ ፍጥነት ውስጥ ነው የገቡት።

በጣም ደካማ ነኝ። ልመዝገብ ወይስ ይቅርብኝ?

ተመዝገቡ። ግን መጀመሪያ "በጣም ደካማ ነኝ" የሚለውን እንፈትሸው።

ካስጠናኋቸው ሰዎች መካከል በሁሉም ነገር ደካማ የሆነ አንድም ሰው አላገኘሁም። የማየው እንዲህ ነው፦ አንድ ተማሪ "ካልኩለስ አልገባኝም" ብሎ ይመጣል። የሠራውን መስመር በመስመር እናየዋለን። ዴሪቬቲቩን በትክክል አውጥቶታል። የተሳሳተው ከዚያ በኋላ ክፍልፋዩን ሲያቃልል ነው። ስለዚህ ካልኩለሱ ገብቶታል፣ ያልገባው የ6ኛ ክፍሉ ትምህርት ነው፤ እሱ ግን ለዓመታት ራሱን "ሒሳብ የማይሆነኝ ሰው" እያለ ኖሯል።

ሒሳብ አንዱ በአንዱ ላይ የሚደረብ ትምህርት ነው። ታሪክ ላይ አንድ ምዕራፍ ቢያመልጣችሁ ቀጣዩን አንብባችሁ ትረዳላችሁ። ሒሳብ ላይ ያመለጣችሁ ነገር ግን በየዓመቱ ተከትሏችሁ ይመጣል። ታመው የቀሩበት ወር፣ ትምህርት ቤት የቀየሩበት ዓመት፣ ጥያቄ ሲጠየቅ የሚቆጣ አስተማሪ፣ ከዚህ ሁሉ የሚቀረው ቀዳዳ ነው። ቀዳዳ ደግሞ ቦታው ከታወቀ ይደፈናል። እኔ ይህንን የምለው ለማጽናናት አይደለም፣ በገዛ ደብተሬ ላይ ስላየሁት ነው።

ቀዳዳዬ የት እንዳለ በምን አውቃለሁ?

ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ሲመዘገቡ የመመዘኛ ፈተና ይሰጣሉ። ያለ ካልኩሌተር፣ ያለ ሰው እርዳታ፣ በሐቀኝነት ሥሩት። ይህንን አጥብቄ የምለው፣ ፈተናውን በስልክ እየታገዙ 90 አምጥተው ለማይችሉት ክፍል የተመደቡ ሰዎች ስላሉ ነው። ያ ውጤት የሚያታልለው እናንተን ብቻ ነው።

መመዘኛ ከሌለ የ7ኛና የ8ኛ ክፍል መጽሐፍ ፈልጉና ከየምዕራፉ መጨረሻ 5 ጥያቄ ሥሩ። ሳትጨነቁ የሠራችሁትን እለፉት። ያመነታችሁበትን ግን ምልክት አድርጉበት፣ መልሱን ብታገኙትም እንኳ። ማመንታት ራሱ ምልክት ነው።

ከመጀመሪያው ቀን በፊት የግድ ማወቅ ያለብኝ ምንድን ነው?

ረጅሙ መልስ ይኸኛው ነው፣ ምክንያቱም ጠቅላላ ጉዳዩ ያለው እዚህ ላይ ነው።

አንደኛ ክፍልፋይ። 1/2 + 1/3 ስንት ነው? ብዙ ሰው ላዕሉን ከላዕል፣ ታህቱን ከታህት ደምሮ 2/5 ይላል። እስቲ አስቡት፣ 2/5 ማለት 0.4 ነው፣ ከግማሽ ያነሰ። ግማሽ ላይ ጨምራችሁበት እንዴት ከግማሽ ያንሳል? ትክክለኛው መልስ 5/6 ነው፣ ታህቱን መጀመሪያ እኩል አድርገን፣ 3/6 + 2/6። ሕጉን ከመሸምደድ በላይ የሚጠቅማችሁ ይህ "ይሄ ነገር ይሆናል ወይ?" የሚለው ጥያቄ ነው። በክፍልፋይ ማካፈልም እንደዚሁ። 3 ÷ 1/4 ሲባል "ገልብጠህ አባዛ" ከማለት በፊት "3 ውስጥ ስንት ሩብ አለ?" ብላችሁ ጠይቁ። 12። ከዚያ በኋላ መገልበጡ ለምን እንደሚሠራ ግልጽ ይሆናል።

ካልኩሌተር ክፍልፋይ ይሠራልኝ የለም እንዴ የሚል ሰው አይጠፋም። ቁጥር ሲሆን ይሠራል። ኮርሱ ላይ ግን ታህቱ ላይ ፊደል ይመጣል፣ 1/ሀ + 1/ለ፣ ያኔ የቁጥሩን መንገድ በእጁ የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው የሚሻገረው።

ሁለተኛ ነጌቲቭ ቁጥር። 5 − (−2) 7 ነው። ከዚህ የሚብሰው ቅንፍ ፊት ያለው የመቀነስ ምልክት ነው፦ 4 − (ሀ − 3)። ብዙዎች 1 − ሀ ብለው ይጽፋሉ። መልሱ 7 − ሀ ነው፣ ምክንያቱም መቀነሱ ቅንፉ ውስጥ ያሉትን ሁሉ ይነካል። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነጥብ ከሚበሉ ስህተቶች ሁሉ ይህቺ አንደኛ ናት ብዬ አምናለሁ። −3² እና (−3)² ደግሞ አንድ አይደሉም፤ የመጀመሪያው −9፣ ሁለተኛው 9 ነው። ነጌቲቭ ቁጥር ግር ቢላችሁ አትፈሩ። የህንዱ ሊቅ ብራህማጉፕታ በ628 ዓመተ ምሕረት በአውሮፓውያን አቆጣጠር (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ሕጎቹን በዕዳና በሀብት መስሎ ጽፏቸው ሳለ፣ አውሮፓ ውስጥ ከ1,000 ዓመት በኋላም ሊቃውንቱ "ከምንም ያነሰ ቁጥር" የሚባለውን ለመቀበል ይከራከሩ ነበር። የእሱ ምሳሌ አሁንም ይሠራል፤ ዕዳ ሲነሳላችሁ ሀብታችሁ ይጨምራል።

ሦስተኛ የእኩል ምልክት። ይህኛው ቀላል ይመስላል፣ አይደለም። ምልክቱን በ1557 ያስተዋወቀው ዌልሳዊው ሮበርት ሬኮርድ ሁለት ትይዩ መስመሮችን የመረጠው ከእነሱ የበለጠ እኩል የሆነ ነገር የለም ብሎ ነው። እኛ ግን ከልጅነታችን ጀምሮ "መልሱ ይኸውና" የሚል ምልክት አድርገን ነው የያዝነው። ስለዚህ 3 + 5 = 8 × 2 = 16 ብለን እንጽፋለን። ይህ ማለት 3 + 5 እኩል ይሆናል 16 ማለት ነው፣ ውሸት ነው። ምልክቱን እንደ ሚዛን ካያችሁት ኢኩዌሽን መፍታት ያን ያህል አይከብድም። 3ሀ + 5 = 20 ላይ ከሁለቱም ወገን 5 ቀንሱ፣ 3ሀ = 15፣ ሁለቱንም ለሦስት አካፍሉ፣ ሀ = 5። "ወደዚያ ሲሻገር ምልክቱ ይቀየራል" የሚለውን አባባል እርሱት። የሚሻገር ነገር የለም፣ ከሁለቱም ወገን እኩል መቀነስ ነው ያለው። አባባሉን የያዘ ሰው ማባዛትና ማካፈል ላይ ሲደርስ መሳሳቱ አይቀርም።

አራተኛ፣ ርቢ፣ ማለትም አንድ ቁጥር ስንት ጊዜ ተጽፎ እንደሚባዛ የሚናገረው ትንሹ ቁጥር። 2³ × 2⁴ = 2⁷፣ ምክንያቱም 3 ጊዜና 4 ጊዜ የተጻፈ 2 ሲቆጠር 7 ጊዜ ነው። 2⁰ ለምን 1 ሆነ ካላችሁ ወደታች ውረዱ፣ 8፣ 4፣ 2፣ እያንዳንዱ የፊተኛው ግማሽ ነው፣ ስለዚህ ቀጣዩ 1፣ ከዚያ 1/2። ነጌቲቭ ርቢም በዚያው ተፈታ።

አምስተኛ ማጣፋት፣ ካንስል የምንለው። (ሀ + 6)/6 ላይ ሁለቱን 6 አጣፍቶ ሀ የሚል ሰው ብዙ ነው። በሀ ቦታ 6 አስገቡ። 12/6፣ 2 ነው፣ 6 አይደለም። የሚጣፋው የተባዛ ብቻ ነው፣ የተደመረ አይጣፋም። (ሀ + ለ)² ደግሞ ሀ² + ለ² አይደለም። 3 እና 4 ብታስገቡ አንዱ 49፣ ሌላው 25 ይሰጣችኋል። እንዲህ ቁጥር አስገብቶ መፈተሽን ልማድ አድርጉት፣ ማንም ሳያርማችሁ ራሳችሁን ታርማላችሁ።

የማባዣ ሰንጠረዡንም እስከ 12 በቃላችሁ ያዙት። የምለው ለፍጥነት ብቻ አይደለም። 7 × 8 ላይ ቆም ባላችሁ ቁጥር የዋናው ሐሳብ ክር ይበጠሳል።

ከስንት ጊዜ በፊት ልጀምር? በቀንስ ስንት ሰዓት?

ከተቻለ ከ6 ሳምንት በፊት፣ በቀን 45 ደቂቃ። ቅዳሜ 5 ሰዓት ተቀምጦ ሌላውን ቀን መተው ያንኑ ያህል ሰዓት ቢሆንም ያንኑ ያህል ውጤት አያመጣም። ነገር ሲረሳሳና እንደገና ሲታወስ ነው የሚጸናው። 2 ሳምንት ብቻ ከቀራችሁ ከላይ ካሉት ክፍልፋይና ቅንፍ ላይ ብቻ አተኩሩ፣ ሌላውን ኮርሱ ላይ ታገኙታላችሁ።

አስተማሪው ሲሠራው ይገባኛል፣ ብቻዬን ስሆን ግን ይጠፋብኛል። ለምን?

ከሁሉም በላይ የምጠየቀው ይህ ነው፣ እኔንም ከማንም በላይ ያሰቃየኝ ይኸው ነው። ክፍል ውስጥ ጭንቅላቴን እየነቀነቅሁ፣ ደብተሬ በቆንጆ ጽሑፍ ተሞልቶ፣ ማታ የመጀመሪያው ጥያቄ ላይ እርሳሴን ይዤ እቀር ነበር።

ሰው ሲሠራ መከተልና ራስ መጀመር ሁለት የተለያዩ ችሎታዎች ናቸው። ሌላ ሰው ሲነዳ መንገዱን የምታውቁት ይመስላችኋል፣ መሪውን ስትይዙ ግን የትኛው መታጠፊያ እንደሆነ ይጠፋችኋል። በ2006 ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ተማሪዎችን አጫጭር ጽሑፎች አስነብበው ነበር። ከፊሎቹ ደግመው አነበቡ፣ ከፊሎቹ ጽሑፉን ሳያዩ የሚያስታውሱትን እንዲጽፉ ተደረገ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ፣ ከራሳቸው አውጥተው የጻፉት በለጡ። ጽሑፉ የሒሳብ አልነበረም፣ ግን ሒሳብ ላይ የማየው ነገር ይኸው ነው።

እኔን ያወጣኝ ዘዴ ይህ ነው። የተሠራ ምሳሌ ውሰዱ። እያንዳንዱ መስመር ከበላዩ ካለው እንዴት እንደመጣ በቃላችሁ አስረዱ፣ ድምፅ አውጥታችሁ። ከዚያ ሸፍኑትና ባዶ ወረቀት ላይ እንደገና ሥሩት። ስትቆሙ አንድ መስመር ብቻ ገልጣችሁ እዩ፣ ሸፍኑ፣ ቀጥሉ። እስከ መጨረሻ ሳታዩ እስክትሠሩት ድረስ ይደገም። በማግስቱ ቁጥሩን ቀይራችሁ ሥሩት። አንድ ምሳሌ እንዲህ 40 ደቂቃ ሊወስድ ይችላል። ይውሰድ። 10 ምሳሌ አንብቦ ከማለፍ ይሻላል።

ሌላም አለ። አንድ ዓይነት ጥያቄ 20 ጊዜ በተከታታይ መሥራት ደስ ይላል፣ 5ኛው ላይ እጃችሁ ራሱ ይሄዳል። ፈተና ላይ ግን "ይህ ጥያቄ የየትኛው ዓይነት ነው?" የሚለውን ማንም አይነግራችሁም። ሮረርና ቴይለር በ2007 ባሳተሙት ጥናት የአራት ዓይነት ቅርጾችን ይዘት ማስላት የተማሩ ተማሪዎች ነበሩ። ጥያቄዎቹን እያደባለቁ የተለማመዱት በልምምዱ ጊዜ ብዙ ተሳስተው ነበር፣ ከሳምንት በኋላ በተሰጠው ፈተና ግን 63 በመቶ አመጡ፤ በየዓይነቱ ለይተው የተለማመዱት 20 በመቶ። ስለዚህ ከየምዕራፉ አንድ አንድ እየቀላቀላችሁ ሥሩ። ይከብዳል፣ የሚጠቅመውም ለዚሁ ነው።

ካልኩሌተር፣ ፎቶ አንስቶ የሚፈታ አፕ፣ ኤአይ ልጠቀም?

ከሠራችሁ በኋላ ተጠቀሙ። መልሳችሁን ለማረጋገጥ፣ የት ላይ እንደሳታችሁ ለማየት በጣም ጥሩ ናቸው። ሳትሠሩ ከተጠቀማችሁ ግን ከላይ የነገርኳችሁ የ"ይገባኛል፣ ይጠፋብኛል" ችግር ይብሳል እንጂ አይሻልም። ኤአይ ደግሞ በልበ ሙሉነት የተሳሳተ ነገር ሊጽፍ ይችላል፣ ስለዚህ መልሱን ቁጥር አስገብታችሁ ፈትሹት። በነፃ ከሚገኙት ካን አካዳሚ ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሮ መልመጃ አለው፣ ዴስሞስና ጂኦጀብራ ደግሞ ግራፍ ለማየት ወደር የላቸውም፤ ሀ²ን ሀ² + 3 ስታደርጉት ግራፉ ወደ ላይ ሲነሳ በዓይናችሁ ታያላችሁ።

አንድ ማሳሰቢያ፣ ትሪጎኖሜትሪ ላይ ካልኩሌተራችሁ በዲግሪ ይሁን በራዲያን (ሌላው የማዕዘን መለኪያ) መጀመሪያ እዩ። ሳይን 30 በዲግሪ 0.5 ነው፣ በራዲያን −0.988 ገደማ ይወጣል። ስንት ትክክለኛ ሥራ በዚህች ብቻ ዜሮ ሲያገኝ አይቻለሁ።

ሎጋሪዝም ለምን እንዲህ ይከብዳል?

ስሙ ነው የሚያስፈራው። ሎጋሪዝም ጥያቄ ነው፦ "ስንት ርቢ?" የ1000 ሎግ በ10 ማለት "ስንት 10 እርስ በርሱ ቢባዛ 1000 ይሆናል?" ነው። 3። ስኮትላንዳዊው ጆን ኔፒር በ1614 ሰንጠረዡን ያሳተመው ማባዛትን ወደ መደመር ለመቀየር ነበር፣ ያኔ የከዋክብት ተመራማሪዎች ረጃጅም ቁጥሮችን በእጅ ሲያባዙ ነበር የሚውሉት። 100 × 1000 ላይ ሎጋቸው 2 እና 3 ነው፣ ሲደመር 5፣ መልሱም 5 ዜሮ ያለው 100000። ሕጉ ይኸው ነው፣ የብዜት ሎግ የሎጎቹ ድምር ነው። የድምር ሎግ ግን የሎጎቹ ድምር አይደለም፣ ይህቺን ደብተራችሁ ላይ በትልቁ ጻፏት። ርቢ በደንብ ሳይገባችሁ ሎግ ለመሸምደድ ከሞከራችሁ ግን አይያዝም፣ ወደ ርቢ ተመለሱ።

ቀመሮችን በቃሌ ልያዝ?

ጥቂቶቹን አዎ። የሁለተኛ ዲግሪ ኢኩዌሽን መፍቻውን፣ የርቢ ሕጎችን፣ የ30፣ የ45 እና የ60 ዲግሪ ሳይንና ኮሳይንን። ሌላውን ከየት እንደመጣ ማወቅ ይበልጣል።

ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። ሒሳቡ ይሁን ቋንቋው የከበደኝ አላውቅም።

ብዙ ጊዜ ሁለቱም ነው፣ እና መለየት ያስፈልጋል። ጥያቄውን በአማርኛ ለራሳችሁ ንገሩት። ያኔ ከሠራችሁት ችግሩ ቋንቋ ነበር።

መጀመሪያ የትእዛዝ ቃላቱን ለዩ። "ሲምፕሊፋይ" ማለት አቃልል ነው፣ የእኩል ምልክት የለም፣ የሀ ዋጋ አይፈለግም። "ሶልቭ" ማለት ዋጋውን አግኝ ነው። "ኢቫሉዌት" ሲል የተሰጠውን ቁጥር አስገብተህ አስላ ማለቱ ነው። አቃልል ተብሎ የተሰጠውን ዜሮ እኩል ይሆናል ብለው የሚፈቱ ተማሪዎች በየጊዜው አገኛለሁ፣ ሒሳቡን ስለማያውቁ ሳይሆን ቃሉን ስላልለዩት ነው።

"ፋይቭ ሌስ ዛን ኤክስ" የሚለው ደግሞ ብዙ ሰው ያሳስታል። ቃሉ በመጣበት ቅደም ተከተል ከጻፋችሁት 5 − ሀ ይሆናል። ትክክሉ ሀ − 5 ነው። በአማርኛ "ከሀ 5 ሲቀነስ" ስንል ቅደም ተከተሉ ራሱ ትክክል ነው፣ ስለዚህ እዚህ ላይ አማርኛችን ያግዘናል፣ ተጠቀሙበት። "ኤት ሊስት" ቢያንስ ነው፣ "ኤት ሞስት" ቢበዛ። አንድ ገጽ ላይ እንዲህ ያሉ 30 ቃላት ከነትርጉማቸውና ከነምልክታቸው ጽፋችሁ ደብተሩ ሽፋን ላይ ለጥፉ።

ክፍል ውስጥ ሁሉም የገባው ይመስላል። መጠየቅ አፍራለሁ።

አልገባቸውም። ይህንን በእርግጠኝነት ነው የምነግራችሁ፣ ከክፍል ሲወጡ ወደ እኔ የሚመጡት እነዚያው ፊት ተቀምጠው ጭንቅላታቸውን ሲነቀንቁ የነበሩት ናቸውና።

"አልገባኝም" ብሎ መጠየቅ ግን ለሁለታችሁም አይመችም። የት ላይ? መምህሩ ከመጀመሪያው ይጀምርላችኋል፣ እናንተም በዚያው ቦታ እንደገና ትጠፋላችሁ። "ከሁለተኛው መስመር ወደ ሦስተኛው ሲሄድ 4ቱ የት ገባ?" ብሎ መጠየቅ በአንድ ደቂቃ ይፈታል። ክፍል ውስጥ ካልደፈራችሁ በመምህሩ የቢሮ ሰዓት ሂዱ፣ የሞከራችሁበትን ወረቀት ይዛችሁ። ስህተቱን አታጥፉት፣ ላጲስ አታንሱበት። እኛ አስጠኚዎች ከንጹሕ ወረቀት ምንም አናነብም፣ ከተሳሳተ መስመር ግን ብዙ እናያለን።

ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የሒሳብ መርጃ ክፍልም አላቸው፣ ገብቶ መቀመጥና መጠየቅ የሚቻልበት። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ የት እንዳለ እወቁ፣ ከፈተናው በፊት ባለው ምሽት ወረፋ ነው።

ፈተና ላይ የማውቀው ሁሉ ይጠፋብኛል።

ጭንቀት በጭንቅላታችን ያለችውን ለጊዜው ቁጥር የምንይዝባትን ትንሽ ቦታ ይሻማል። ሒሳብ ደግሞ የሚሠራው እዚያችው ቦታ ላይ ነው። ስለዚህ ስትጨነቁ መጥፋቱ አለማወቅ አይደለም።

የረዳኝን ልንገራችሁ። ቤት ውስጥ ሰዓት ይዤ፣ ደብተር ዘግቼ፣ አሮጌ ፈተና እሠራ ነበር፣ መጀመሪያ ላይ 3 ጥያቄ በ15 ደቂቃ። ጭንቀቱን በትንሽ በትንሹ ለመድኩት። ሌላው፣ ራሚሬዝና ቤይሎክ በ2011 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ባወጡት ጥናት ከፈተና በፊት ለ10 ደቂቃ ያህል ስለ ፈተናው የሚያስጨንቃቸውን ነገር በወረቀት ላይ የጻፉ ተማሪዎች የተሻለ ውጤት አምጥተዋል። ወረቀት ብቻ ነው የሚፈልገው፣ ሞክሩት። ፈተናው ሲሰጣችሁ ደግሞ ከምታውቁት ጀምሩ፣ ከቁጥር 1 መጀመር ግዴታ አይደለም።

ከትምህርት ከራቅሁ 15 ዓመት ሆኖኛል። አልዘገየሁም?

አልዘገያችሁም። ትልልቆቹ ተማሪዎች ቶሎ አይሸመድዱም፣ እውነት ነው። ግን "ለምን?" ብለው ይጠይቃሉ፣ ሰዓታቸውን ያከብራሉ፣ ስህተት ሲያገኙም እንደ ወጣቶቹ አያፍሩበትም። እኔ ካስጠናኋቸው መካከል ጥሩ ደብተር የያዙት አብዛኛውን ጊዜ እነሱ ናቸው።

ብወድቅስ?

አብዛኛው ኮርስ ለዲግሪው ስለማይቆጠር ውጤቱ ትራንስክሪፕታችሁን ላይነካ ይችላል፤ የእናንተን ደንብ ግን ከመዝጋቢው ክፍል ጠይቁ፣ አንዳንድ ቦታ ለመግቢያ ግዴታ ነውና።

ከወደቃችሁ የፈተና ወረቀቱን ለማየት ጠይቁ። ያጣችሁትን ነጥብ በሦስት ክፈሉት፦ ጭራሽ ያላወቃችሁት፣ አውቃችሁ በክፍልፋይና በምልክት ያጣችሁት፣ ሰዓት ያለቀባችሁ። ሦስቱ መድኃኒታቸው ይለያያል። ሁለተኛው ክምር ትልቅ ከሆነ (በጣም ብዙ ጊዜ ነው) ኮርሱን እንደገና ከመውሰድ በፊት 3 ሳምንት ለክፍልፋይ፣ ለቅንፍና ለምልክት ብቻ ስጡ። እኔም የመጀመሪያውን ፈተና ወድቄ ነበር። ካጣሁት ነጥብ ከግማሽ በላይ የሄደው በመቀነስ ምልክት ነበር።

ካለፍኩ በኋላ ደብተሩን ልተወው?

አትተዉት። ካልኩለስ ወይም ስታቲስቲክስ ስትጀምሩ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሳምንት ትከፍቱታላችሁ፣ ምናልባት ለሎግ፣ ምናልባት ለክፍልፋይ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ብዙ ጊዜ የምትሳሳቱባቸውን 5 ነገሮች ጻፉ፣ በየፈተናው ዋዜማም እሷን ገጽ አንብቧት። የእኔ ገጽ ላይ አንደኛ የተጻፈው 4 − (ሀ − 3) ነው።